ወደ ረጅሙ ያልተመለሰው ሞድ

በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የትልቁ ኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበርኩ። የፈረሰውን ጦር ወታደሮች ስም መዝግበን፣ ልጄ የት ገባ ለሚል ቤተሰብ በደብዳቤ እንመልስ ነበር። አክስቴ አስካለችም ከወላይታ፣ ከቤሌ፣ ስለ ልጇ ስለ ቶማ ጠየቀች። «ስሙ በመዝገቡ የለም» የሚል ደብዳቤ ደረሳት።

ቤሌ ድረስ ሄጄ ደብዳቤውን ለለቀስተኛው በወላይትኛ ያነበብኩት እኔው ነኝ። የቶማ ሚስት አሳየሽ በስሜ ጠርታ፣ «ተሳስተው ቢሆንስ፣ ኤርካሎ?» አለችኝ።

«ሰው ይሳሳታል፤ ማሽን አይሳሳትም» አልኩ አፌን ሞልቼ። የተማረ ተብዬ! ሬሳ ሳይኖር ተለቀሰ። በዓመቱ ሃላሌ ከሚኖር ሰው ለአሳየሽ ሽማግሌ ሲላክ፣ እሺ ብለን ከዳርናት አንዱ እኔ ነበርኩ።

የፕሮግራሜን ስህተት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ አድራሻ የሚያነብበት ሁለት ሞድ፣ ማለትም ሁለት የአሠራር ዘዴ፣ አለው፤ በአሮጌው፣ በአጭሩ፣ የማህደረ ትውስታውን መጀመሪያ ብቻ ያያል፣ በአዲሱ፣ በረጅሙ፣ እሩቅ ድረስ። የስሙን አጻጻፍ የሚያስተካክለው የፕሮግራሙ ክፍል አሮጌ ስለሆነ ወደ አጭሩ ሞድ ቀይሬ እጠራዋለሁ። ሲጨርስ፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ወደ ረጅሙ መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩትም። አንዲት መስመር! ዝርዝሩ ሲበዛ እሩቅ የተቀመጡትን ስሞች ማሽኑ ሌላ ቦታ እየፈለገ የሉም ይል ነበር።

መስመሯን ጨምሬ እንደገና አስኬድኩት። ቶማ ወጣ፤ በሕይወት አለ፣ ሰሜን ባለ የቁስለኞች መጠለያ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ራሴ ሄጄ አመጣሁት። ያስጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱም አልደረሰንም ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለ አሳየሽ ሲያወራ እኔ በመስኮት አያለሁ።

ቤሌ ስንደርስ አክስቴ እልል ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቶማ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ጓዳውን አየ።

«አሳየሽስ?»

አክስቴ መሬት መሬት አየች። «ሞተ ብለን እኮ ነው ልጄ» አለች። «ደብዳቤ መጣ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፕሮግራሙ የኔ ነው። አሳየሽንም እሺ ብዬ የዳርኩ እኔ ነኝ። ወልዳለች።»

ትክ ብሎ አየኝ። ቢመታኝ በወደድኩ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ለእንግዳው የሚበላ ስጪው። መንገደኛ ነው።»

ቀረበልኝ። በላሁ።