በእኔ ልክ የተሠራች ሰደርያ

«ይሄኛው እንኳ ይከብድዎታል» አለችኝ። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ማንጎዬ ጥላ ሥር ተቀምጣ ይከብድዎታል ትለኛለች። ሐሴት ናት እንዲህ ያለችኝ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችኝ አስተማሪ፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ነው አሶሳ የመጣችው። ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ሰውዬው ካልተማረ እጁም ያልተማረ ይመስላታል። እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ቀለም ሹራብ ንድፍ ይፈልጋል፣ ንድፉም በቁጥር ነው የሚነበበው፣ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ ያለቀውን መግዛት ይሻላል እያለች ስታስረዳኝ ቆየች። ልጄ አይመን አጠገቧ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። እሱን ደግሞ ምን አገባው? ገና እንደ ተወለደ ጆሮው ላይ ያጠለቅሁለትን ቆብ ማን የሠራው መስሎት ነው?

ነገሩን ያመጣችው እህቴ ዓኢሻ ናት። እኔ ትሩፋት ነኝ፣ እሷ ዓኢሻ፤ ወሎ ውስጥ ከአንድ እናት ሁለቱም ይወለዳል፣ የሚገርመው ሰው ካለ ወሎን አያውቅም ማለት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እኔ ለሰፈራ ወደዚህ ስመጣ እሷ ወረኢሉ ቀረች። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ አራስ ነበርኩ፣ ባሌም የዘራው ማሽላ አልደረሰለትም፣ ቀረን። ከዚያ ወዲያ መጻፍ ለማይችል ሰው አገሩ ያለው ሕልሙ ውስጥ ነው። አምና አንድ የመንደራችን ሰው ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሄዶ የዓኢሻን የልጅ ልጅ የሐኒን ስልክ ይዞልኝ መጣ።

መጀመሪያ ያወራነው ስለ ሞቱት ነው። ብዙ ነበሩ። አልቅሰን ሲወጣልን ዓኢሻ «ያቺ ሰደርያስ?» አለችኝ።

ሰደርያዋ የእርዳታ ልብስ ነበረች። መጠለያው ውስጥ ሳለን ከፈረንጅ አገር ከመጣው ክምር ለሁለታችን አንድ ደረሰችን። እጅጌ የላትም። የደረቷ ግማሽ እንደ ሰናፍጭ ቢጫ ነው፣ ግማሹ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይመስላል፣ ከሆድ በታች ቡናማ። በተራ ነበር የምንለብሳት። አውቶቡሱ እኔን ሊወስድ የቆመ ለት ተራው የዓኢሻ ነበር። ብርድ ነው፣ ያ ጥርስ የሚያንገጫግጭ የወረኢሉ ብርድ። ከላይዋ አውልቃ በመስኮት አቀበለችኝ። የምሄድበትን አገር አናውቀውም፣ እሱ ቢብስስ ብላ ነው። ያ ያላወቅነው አገር አሶሳ ሆነና ሰደርያዋ አንድ ቀን እንኳ አላስፈለገችኝም። ያም ሆኖ እያላበኝ ለብሻት እተኛ ነበር። ጠረኗ እስኪጠፋ ለበስኳት፤ ከጠፋም በኋላ ለበስኳት።

ምስጥ በላት አልኳት ዓኢሻን።

«የናንተ አገር ምስጥ ሹራብም ይበላል?» አለች።

«ቤት የሚበላ ምስጥ ሹራብ ያቅተዋል?»

«እዚህ ዘንድሮ ብርዱ ብሷል» አለችና ወሬ ለወጠች። የለመነችኝ ነገርም የለም። እኔ ነኝ ያችኑ የመሰለች እሠራልሻለሁ ያልኳት።

ሐሴት ይህን ስትሰማ ነው ስልኳን ከፍታ ያሳየችኝ። አንዲት ቀጫጫ ልጅ የኛን ሰደርያ ለብሳ ቆማለች። ቀለሟ ትንሽ ይለያል እንጂ ያችው ናት። አሁን አዲስ አበባ ላይ ወጣቱ ሁሉ የሚለብሰው ይሄን ነው፣ ሬትሮ ይባላል አለች። ምን ማለት ነው ስላት፣ የድሮ ዓይነት ማለት ነው አለችኝ። የድሮውን ነው እንግዲህ ለኔ ይከብድዎታል ያለችው።

ክር ፍለጋ ኢዘዲን ጋ ሄድኩ። ኢዘዲን የበርታ ልጅ ነው፣ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። ቦንዳው ሲፈታ ሹራብ ከወጣበት ፊቱ ይጠቁራል፤ አሶሳ ላይ ሹራብ ማን ይገዛዋል? ጥግ ላይ ይከምረዋል፣ ድመት ትወልድበታለች። እኔን ሀቦባ ነው የሚለኝ፣ እነሱ አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

«ሀቦባ፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ? ወባ ያዘሽ እንዴ?»

ወባስ ምላስህን ይያዘው አልኩና ክምሩን ገለበጥኩበት። ቢጫው ቶሎ ተገኘ፣ ቡናማውም ሞልቷል። ልክ ያንን አረንጓዴ ግን አጣሁት። ያገኘሁት ሁሉ ወይ ይደምቃል ወይ ይጠቁራል። ኢዘዲን አረንጓዴ አረንጓዴ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ይለኛል። ወንድ ልጅ ስለ ቀለም ሲያወራ መስማት እንዴት ያደክማል። ሌላ ቦንዳ እስኪፈታ እየተመላለስኩ ጠበቅሁ፤ በመጨረሻ ክርኑ የተቀደደ አንድ የሽማግሌ ሹራብ ወጣ፣ እሱ ራሱ ነበር።

ስፌታቸውን ፈትቼ ተረተርኳቸው። ክሩን የወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሜ አጠብኩት፣ ከዚያ ድንጋይ አንጠልጥዬበት አሰጣሁት፤ ተሸብሽቦ የኖረ ክር ሳይወጠር አይታዘዝም። መርፌዬ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርጄ ያሾልኩት። ማንም አላስተማረኝም። ምስጥ ያስተረፈልኝን የዚያችን ሰደርያ ቁራጭ ስፈታ መልሼ ስሠራ፣ ስፈታ መልሼ ስሠራ ለመድኩት። ቁራጯም በመጨረሻ አለቀች፣ እጄ ውስጥ ገባች በሉት።

ሐሴት ያስፈራራችኝ ሁለቱ ቀለም በሚገናኙበት ቦታ ነው። ምን ያስፈራል? ቢጫው መንገዱን ጨርሶ አረንጓዴው ሲነሣ አንዱን ባንዱ ላይ አንዴ ማጠላለፍ ነው። ካላጠላለፍሻቸው ቢጫውም ለብቻው ያምራል፣ አረንጓዴውም ለብቻው ያምራል፣ መሐላቸው ግን ቀዳዳ ይሆናል። አሳየኋት፤ እየሞከረች ነው።

የልኩን ነገርም አነሣችብኝ። ሐኒ በሜትር ትለካትና ትንገረን አለች። ምን ልክ? ዓኢሻ ማለት እኔ ነኝ። በአንድ ቀሚስ ነው ያደግነው፤ የሷ ትከሻ የት እንደሚያልቅ ከራሴ ትከሻ ላይ አውቀዋለሁ። እናታችን እንኳ ከኋላ ስታየን አንዳችንን ጠርታ ሌላኛችን እንዞር ነበር። ስለዚህ በራሴ ላይ ለካሁ። መጋቢት ነው፣ ቆርቆሮው ከግለቱ ይንጣጣል፣ እኔ ሱፍ ለብሼ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ጎረቤት በአጥር ያየኛል፣ ይስቃል። አይመን አፈረብኝና ወደ ቤት ገባ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩና ብርዱን ፈለግሁት። ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚያድረውን ውርጭ ፈለግሁ፤ ዓኢሻ በባዶ እግሯ እየረገጠችው ሲሰበር ስሚው የምትለኝን። ላስበው አቃተኝ። ብርድ ብርድ እላለሁ፣ ቃሉ ብቻ ይመጣል። ይህ አገር ክፉ አልሆነብኝም፣ አብልቶኛል፣ ልጅ አሳድጎልኛል። ብርዴን ግን ወስዶብኛል።

አይመንን ወረኢሉ ውሰደኝ ካልኩት ቆይቷል። መንገዱ ይረጋጋ ይላል። ማሽላው ይግባ ይላል። ዓረፋ ይለፍ ይላል። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ ፈሪ ነው፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ብሎ ነው። እኔም በሰደርያዋ ተጽናናሁ። እኔ ባልሄድ እሷ ትሂድ አልኩ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠኋት፣ እሱ ለሌላ ሰው ሰጠ፣ እንዲህ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወረኢሉ አደረሷት።

መድረሷ በተነገረን ማግስት ሐሴት ከሐኒ ጋር ተደዋውላ በስልኩ ፊት ለፊት አገናኘችን። እስከዚያ ድረስ ድምፅ ብቻ ነበርን። ሻሽ ቀየርኩ፣ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሚጢጢ አሮጊት መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሰደርያዋ ጉልበቷ ድረስ ወርዳለች። የብብቱ ክፍተት ወገቧ ጋ ደርሷል፣ ባንገቷ በኩል አንድ ትከሻዋ ወጥቶ ይታያል፣ የወፍ አጥንት የመሰለ ትከሻ። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ለፍቼ ለጎረቤት ያለብሱብኛል?

«አንቺ ልጅ» አልኳት ሐኒን፣ «ለማን ነው ያለበስሽው? አውልቂና ለባለቤቷ ስጪ።»

ሐሴት ክንዴን ያዘችኝ። አሮጊቷ ግን ሳቀች።

«ትሩፋት፣ እኔ እኮ ነኝ።»

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ፣ አረጀሁ። አንቺ ነሽ የገዘፍሽው፣ ቆላው ተስማምቶሻል።» ሰደርያዋን ከጎኗ ሰብስባ እጥፍ አድርጋ አሳየችኝ። እንዲህ አጥፋ ስትለብሳት እጥፍ እንደምትሞቃት፣ እንዳላዝን፣ ቀለሙም ያው ራሱ እንደሆነ ነገረችኝ። አረንጓዴውን በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምታወራው።

እኔ ግን የማየው ያንን ትከሻ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እሷን ስለካ የኖርኩት በራሴ ነው። እኔ ስወፍር አብራኝ የወፈረች፣ እኔ ስሸብት አብራኝ የሸበተች ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ ብቻዋን ነው ያረጀችው።

ሐኒ ሜትር አለን፣ አሁኑኑ ልለካትና ልንገርዎት፣ ያጥብቡልን አለች። ሐሴትም ብዕሯን አነሣች። አስቀምጪው አልኳት። ቁጥሩን ይዤ ፈትቼ እንደገና ሠርቼ፣ እንደገና ሰው ፈልጌ ልኬ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ሌላ ሰው ሆና ትጠብቀኛለች።

«ዓኢሻ» አልኳት፣ «እስክመጣ ድረስ ከዚህ በላይ እንዳታንሺብኝ።»

«እሞክራለሁ» አለች። ስትስቅ ስልኩ ተቋረጠ።

አይመን በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሊናገር አፉን ሲከፍት ምን ሊል እንደሆነ አውቄ ቀደምኩት።

«መንገዱን ለኔ አታስረዳኝ፤ በዚያ መንገድ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አልተወለድክም። ያን ጊዜ ውጪ፣ ተሳፈሪ ሲሉኝ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። አሁን ሳልጠየቅ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ ብሞትም ፊቴን ወደ እህቴ አዙሬ ነው የምሞተው፣ እሱ አይከፋም። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሂድና የሁለታችንን ትኬት ቁረጥ። ዓረፋ ይለፍ እንዳትለኝ። ዓኢሻን በእጄ ልለካት ነው፤ ውሰደኝ።»