የተከራይ በር

ቀያሹ ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን ገንዘብ እንዳለ ከግቢው ጀርባ በሠራው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላይ አፈሰሰው። ዓላማው አንድ ነበር፤ ሚስቱ ከልብስ ስፌት እንድታርፍ። ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ ወገቧ በአንድ ጊዜ አይቀናላትም፤ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ትይዛለች፣ ቀጥሎ ግድግዳውን። ኪራይ መግባት ከጀመረ መኪናው ይሸፈናል ተባብለው ነበር።

ቤቱን ዕድሜ ልኩን መሬት ሲለካ በኖረበት ጥንቃቄ ሠራው። ወለሉ ወደ ፍሳሹ ያዘነብላል፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ይቀበላል። ለመብራትም ለውሃም የራሱ ቆጣሪ አለው፤ አከራይና ተከራይ በቆጣሪ ሲጣሉ ብዙ ጊዜ አይቷል። ሊያይ የመጣው ሁሉ ቤቱን ይወደዋል። "ደውዬ አሳውቃለሁ" ብሎ ይወጣል፤ አይደውልም።

ደላላው "ጋሼ፣ ዋጋው ነው፤ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት" አለው። ዝቅ አደረገው። ከዚያ ደግሞ "ቀለሙ ነው" ተባለ፤ ቀለሙን ቀየረው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ቤቱ ውስጥ ሰይጣን አለ እንዴ?" አለች ሚስቱ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች።

"ኪራይ እስከከፈለ ድረስ እሱም ይግባ።"

ልኬት አልገጥም ሲለው ቀያሹ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከመጨረሻው ነጥብ ተነስቶ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሰዎቹ ከክፍሉ ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነው የሚወጡት። ታዲያ ፊታቸው የሚለወጠው የት ላይ ነው? ቅዳሜ ዕለት አሸንዳ የሚጠግን መስሎ ጣራ ላይ ወጣና ጠበቀ።

አንዲት ነርስ መጣች። ሚስቱ ክፍሎቹን አሳየቻት። ነርሷ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች፣ አልጋዋ የሚገባበትን ቦታ በክንዷ ለካች፣ ፈገግ እንዳለች ወጣች። ግቢው ያለው አንድ በር ነው። በሩ ጥግ የቀያሹ እናት ወንበራቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል።

"ወደድሽው ልጄ?"

"በጣም እማማ።"

"እሰይ! ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ይሄን ቁመና ይዘሽ? የዘንድሮ ወንድ ዓይኑን ምን ነካው! ሥራሽስ?"

"ነርስ ነኝ። ብዙ ጊዜ የማታ ተረኛ ነኝ።"

"የማታ! በይ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። እንቅልፍ እንደሆነ ጥሎኝ ከሄደ ቆየ። ስትወጪም ስትገቢም በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። ማን እንደሸኘሽም አይልሻለሁ።"

ፈገግታዋ ሲከስም ቀያሹ ከላይ ሆኖ አየው። "ደውዬ አሳውቃለሁ" አለችና ሄደች።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት።

"እኔማ ካወቅሁት ቆየሁ" አለች።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ምራት ሆኜ? አፌን በመርፌ ብሰፋው ይቀለኛል። እናትህ ናቸው፤ አንተ ንገራቸው።"

እሱም አልደፈረም። በመናገር ፈንታ ግንበኛ ጠርቶ በጓሮው አጥር ላይ፣ ወደ ኋለኛው መንገድ የሚያወጣ በር እንዲከፍት አዘዘው። የመዶሻውን ድምፅ የሰሙት እናቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

"ምኑን ነው የምታፈርሰው?"

"ለተከራይ የራሱ በር ነው እማዬ። ሰው የሚከራየው ክፍል ብቻ አይደለም፤ ሳይጠየቅ መውጣትና መግባትም ይፈልጋል።"

"ሳይጠየቅ" አሉ እናቱ። "ከእኔ እንዲያመልጡ ነዋ።"

ግንበኛው መዶሻውን ቀስ ብሎ አወረደ።

"እኔ ደግሞ ቤት ስትሠራ፣ ልጄ ሰው ሊያመጣልኝ ነው ብዬ... አንተ ሜዳ ለሜዳ ስትዞር ኖርክ፣ እሷ ከመኪናዋ አትነሳ። ወንበሬን በር ላይ ያወጣሁት ለዚያው ነበር።"

ቀያሹ ቤቱን ከመሥራቱ በፊት የአፈሩን ጥንካሬ መርምሯል፣ የሰፈሩን ኪራይ አጠያይቋል፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት እንደሚወርድ ቆሞ አይቷል። እናቱን ግን ከቤቱ ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቃቸውም። ይቅርታ ለማለት አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ተወው። የሚስትህ ወገብ ከእኔ ወሬ ይበልጣል። ክፈተው።" ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞሩ። "አንተስ፣ ስንት ልጆች አሉህ?"

በሩ ተገጥሞ ሲያልቅ ነርሷ ተደወለላት። መጥታ ቁልፉን ሞከረች፤ በዚያው ሰሞን ዕቃዋን አስገባች።

የመጀመሪያው ኪራይ በገባ ማግስት ሚስቲቱ መኪናዋን ሸፈነችው። እጇን የምታደርግበት አጣች፤ ወጣች፣ ገባች፣ የታጠፈ ልብስ ፈትታ እንደገና አጠፈች። በመጨረሻ በርጩማ አንስታ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። አሮጊቷ ቀና ብለው እንደ እንግዳ አዩዋት።

"ሥራ ፈታሽ?"

"ፈታሁ እማማ።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቤት ኖረን፣ አንድ ቀን አረፍ ብለሽ አጫውተሽኝ አታውቂ። ለመሆኑ ያን ልጅ ስታገቢው ምኑን አይተሽ ነው?"

ሚስቲቱ ወገቧን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሳቀች። "ጫማውን ነው እማማ። ያን ሁሉ ጭቃ ተሸክሞ ቤታችን ሲገባ፣ እናቴ..."

"ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ" አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ።