የፍቅር አስተርጓሚው

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን አሶሳ ውስጥ ከየቢሮው ይልቅ ሰው የሚጋፋበት ቤት የሰራዊት ቪዲዮ ቤት ነበር። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ እየጮኸ የህንድ ፊልም ይታያል። ካሴቶቹ የሚመጡት ከሱዳን ስለሆነ ከሥር የሚጻፈው ዓረብኛ ነው። ሰራዊት ደግሞ ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ከዓረብኛ ሰላምታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጁምዓን ቀጠረው።

ጁምዓ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ በስደት ሱዳን አድጎ ዓረብኛውን ይዞ ተመልሷል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ጽሑፉን እያነበበ በአማርኛ ይናገራል። "ያለ አንተ እኔ ምንድነው? ልቤን ወስደህ የት አስቀመጥከው?" ይላታል ልጅቷን፣ በአክተሩ ፈንታ። ወንዱንም ሴቷንም "አንተ" ነበር የሚላቸው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀበት፤ ኋላ ግን መሃረብ መዋዋስ ጀመረ።

ሚስቱ ዓኢሻ ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። ወሬው ግን ይደርሳታል። "አንቺ የታደልሽ! እንዲህ ያለ አፍ ቤትሽ እያደረ!" ይሏታል ጎረቤቶቿ። ያ አፍ ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ባምያው ጨውና ስለ ፍየሏ ገመድ ነው። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለጁምዓ ግን ከቪዲዮ ቤቱ በር ወዲህ ሁሉም ዳገት ነበር። አይወዳትም እንዳይባል፣ ወንዶቹ "ሴት ሆንክ እንዴ?" እያሉ ሲስቁበት ማለዳ ተነስቶ ውሃ የሚቀዳላት እሱ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ጣላት። ጁምዓ አዝሎ ሆስፒታል አደረሳት። ትኩሳቱ ጋብ ሲልላት ዓይኗን ገለጠችና በቋንቋቸው፣ "ለሰው ሁሉ የምትለውን እስቲ አንዴ እንኳ ለእኔ በለኝ" አለችው።

ጁምዓ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያለ አንቺ እኔ ምንድነኝ? ልቤን ወስደሽ..."

እጇን አፉ ላይ አደረገች። "እሱ የፊልሙ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የራስህን ንገረኝ።"

የራሱን ፈለገ። ምስኪን፣ እንዴት አድርጎ ፈለገ! ደረቱ ውስጥ ሞልቷል፤ ምላሱ ላይ ግን አልወጣ አለው። ለእሱ ከሥር የሚጽፍለት አልነበረም። አፈረ። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ግንባሯ ላይ አደረገና "ሲሻልሽ እነግርሻለሁ" አላት። ዓኢሻ "እሺ" ብላ ፊቷን አዞረች።

ፊልም ላይ ሰው ሲሞት አይቸኩልም። ወዳጁ ዘፍኖ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ አንዳንዱም አብሮ ይዘፍናል። ወባ ይህን ወግ የት አውቆት! በማግስቱ ራሷን ሳተች፤ ሳትነቃም ሄደች።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ሰራዊት መጥቶ ለመነው። "ወንድሜ፣ ሰው ካለ አንተ አላይም ብሏል፤ ደግሞም ከሰው መሀል ብትሆን ይሻልሃል።" ጁምዓ እንቢ ማለቱም ታከተውና ሄደ።

የዚያ ቀኑ ፊልም መጨረሻው ላይ ልጅቷ በአክተሩ ክንድ ላይ ትሞታለች። አክተሩ አቅፏት ያወራል፣ ያለቅሳል፤ ዓረብኛው ከሥር እየተከታተለ ያልፋል። ጁምዓ ዝም አለ። ሰውም ጠበቀ።

"ጁምዓ! ምን አላት?" ብሎ ጮኸ አንዱ።

"ምንም አላላትም።"

"ኧረ አፉ ይንቀሳቀሳል እኮ! ይኸው እያወራ አይደል?"

"ውሸት ነው" አለ ጁምዓ። "ምንም አላላትም። ልጅቷ ሳይላት ሞተች።"

ከኋላ አንድ ሁለቱ አፏጩ። ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር። የዓኢሻ ጎረቤቶች ግን ገባቸውና ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ጁምዓ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። አክተሩ ብቻውን ማውራቱን ቀጠለ።