የጳጉሜን ቁልፍ

አያ ይሄነው ጳጉሜን ሁለት ቀን ንጋት ላይ አረፉ። ረፋዱ ላይ የእድሩ መጋዘን በር እምቢ አለ።

ዳንግላ ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ድስቱ የሚቀመጡበት ይህ መጋዘን ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ጓጉንቸር ሲዘጋ ኖሯል። ቁልፏም ከዕቃ ጠባቂው ከአያ ይሄነው ማተብ ጋር ታስራ አንገታቸው ላይ ትውል ነበር። ዘንድሮ ዓመቱ ሲጀምር ግን ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የወጣው አዝመራው በእድሩ ስብሰባ ተነሳና፣ «በዚህ ዘመን ቁልፍ አንገት ላይ?» አለ። አያ ይሄነው ቀና ብለው አዩትና ቁልፏን ወደ ልብሳቸው ውስጥ መለሷት።

አዝመራው በሪሞት የሚከፈት መዝጊያ ሠራ።

«ሌባ መሃል ገብቶ ቢሰማስ?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽባባው።

«ሪሞቱና በሩ የሚነጋገሩት በምስጢር ነው። ቃላቸው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ባይት እየሆነ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አሥር ጊዜ ይታመሳል። የምስጢሩ ቁልፍም በየወሩ ይለወጣል። ሌባው የሚሰማው ዱቄት ነው። ከዱቄት ጤፉን መልሶ የሚለቅም ካለ ድንኳኑን ይውሰድ!»

ተጨበጨበለት። ችግሩ፣ ባትሪ እንዳይጨርስ ስሌቱን የሚሠራውን ቺፕ አዝግሞ ስለሚያስኬደው በሩ ቶሎ አይከፈትም። ድንኳኑን በጋሪ የሚያመላልሰው ደርበው ቆሞ ቆሞ፣ «ይሄ በር መጀመሪያ ዳዊት ይደግማል እንዴ?» አለ።

ይህች ቃል አዝመራውን ቆረጠችው። ፕሮግራሙን ትቶ ቺፑ በራሱ አፍ ወደሚናገርበት ወደ አሰምብሊ ወረደ። ባይቶቹን ከሜሞሪ እያወጣ ከሚመልስ ቺፑ እጁ ላይ በሚይዘው ሬጅስተር ውስጥ አስቀመጣቸው። የማመሱን አሥር ዙር በተራ ዘርግቶ ጻፈ። የየዙሩን ቁልፍ በየጊዜው ከማስላት ደግሞ የየወሩን አስቀድሞ አስልቶ በሪሞቱም በበሩም ላይ በሠንጠረዥ ደረደረ። የወሩ ቁጥር ከሠንጠረዡ እንዳያልፍ የምታይ አንዲት ፍተሻ ነበረች፤ ጊዜ ትበላለች ብሎ ሰረዛት። በሩ በዓይን ጥቅሻ ይከፈት ጀመር።

በበሩ ቺፕ ላይ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ የተረፈውን ቦታም ሜዳ አልተወውም፤ «በማዕረግ ተመራቂው በአዝመራው ተፈለሰፈ፤ ዳንግላ ኩሪ!» እያለ የሚቀጥል ረጅም ጽሑፍ አኖረበት። ሪሞቱ ላይ አላኖረም። ደግሞስ ማን ሊያነበው?

አሁን፣ በቀብሩ ዕለት፣ አዝመራው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሪሞቱን ይጫናል፤ በሩ ዝም።

«ባትሪው ነው» አለና ለወጠው። ዝም። «እርጥበት ገብቶበታል።»

«ኔትወርክ ይሆናላ!» አለ ደርበው።

በሩ ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አዝመራው ግን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«መጥረቢያ ይምጣ?» አለ ደርበው እንደገና።

«ብረት ነው፣ ምን ያደርግልሃል!» አሉ ጋሽ ሽባባው። «ብየዳ ቤቱም መብራት የለውም። የይሄነው ለቀስተኛ እኮ ሜዳ ላይ በዝናብ እየተደበደበ ነው!»

በዚህ መሃል የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በመንገዱ አለፈ። «የአያ ይሄነው ቀብር ዛሬ ጳጉሜን ሁለት ቀን...»

የአዝመራው ጣት ሪሞቱ ላይ ደረቀ።

የቀን ስሌቱን ከጓደኛው ነበር የቀዳው፤ ያ ስሌት ጳጉሜንን ያውቃል። ሠንጠረዡ ግን የራሱ ነው፤ የደረደረውም አሥራ ሁለት ቁልፍ ብቻ። ደመወዝ በዓመት አሥራ ሁለቴ ይመጣል፤ የእድር መዋጮም አሥራ ሁለቴ ይከፈላል። በጳጉሜን መዋጮ የለም። ሞት ግን አለ።

የበሩ ቺፕ አሥራ ሦስተኛውን ቁልፍ ሲፈልግ የሚያስቆመው ፍተሻ አላገኘም። ሠንጠረዡን አልፎ ቀጥሎ ያለውን አነሳ፤ ያነሳው ያንን ጉራ ነው። በጳጉሜን የበሩ ቁልፍ የአዝመራው ውዳሴ ሆኗል፤ ሪሞቱ ደግሞ ውዳሴውን አያውቅም።

መስከረም ሲጠባ በሩ እንደ ወትሮው ለሪሞቱ ይከፈታል። እስከዚያ «ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው» ቢል ማንም አያውቅበትም። ይህንን አሰበው። በማሰቡም ፊቱ ጋለ።

ላፕቶፑን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ዘረጋ፤ ሪሞቱን በገመድ አገናኘና ከበሩ ጋር አንድ ቁልፍ እንዲኖረው ያንን ጽሑፍ ፊደል ሳይገድፍ ሪሞቱም ላይ ይከትብ ጀመር። ደርበው ጃንጥላ ይዞለት በትከሻው ላይ አሻግሮ ያነባል፤ ያውም ጮክ ብሎ።

«በማዕረግ... ተመራቂው... በአዝመራው... ኧረ! ምንድን ነው ይሄ? የመቃብርህ ጽሑፍ ነው?»

«ቁልፉ ነው» አለ አዝመራው ቀና ሳይል።

ደርበው ማንበቡን ትቶ ጃንጥላውን አስጠጋለት። ያ ከስድብ በላይ ነበር።

በሩ በዓይን ጥቅሻ ተከፈተ። ድንኳኑ በጋሪ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ግን የሴቶቹ ነጠላ ገላቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። የሟቹ ባለቤት እትዬ ዘውድነሽ የአዝመራውን እጅ ያዙ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ በዝናብ ለፋህ። ባትሪ ነው አሉኝ።»

አዎ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

«ባትሪ አይደለም እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያዘው?»

አዝመራው ወደ ደርበው ዞረ። ደርበው የፈረሱን ልጓም ማስተካከል ያዘ።

«ስሜ» አለ አዝመራው። «ጳጉሜንን ረሳሁና... በሩን የያዘው ስሜ ነበር።»

እትዬ ዘውድነሽ አልገባቸውም። ከመቀነታቸው ውስጥ ክር የታሰረባት ቁልፍ አወጡ።

«ሲገንዙት አንገቱ ላይ አገኟት። ጓጉንቸሩ ከተነሳም በኋላ አላወልቅም ብሎ ነበር። እንግዲህ ለበሩ ጌታ ካልሆነ ለማን እሰጣታለሁ?»

አዝመራው እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹን ማጠፍ ግን አቃተው።

«ያዛት እንጂ» አለ ደርበው ከኋላ፤ «እሷ ጳጉሜንን ታውቃለች።»