የአረፋ ዕለት ቡጢ

በአረፋ ዕለት የስፋክስ ከተማ ወንድ ሁሉ ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ከቀትር በፊት ግማሹ እጁን ቆርጦ ድንገተኛ ክፍል ይሰለፋል። ዶክተር ራውዳ ከጠዋት ጀምሮ መዳፍ ስትሰፋ ውላለች። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም፤ ሰልፉ አስቸኩሏታል።

ጀልባ ሠሪውን ላዝሀርን የሸኘችው አሁን ነው። ከቀለበት ጣቱ ሥር መዳፉ ተሰንጥቋል፤ ትንሽ ቁስል ናት። ጣትዎን ይጠፉት ስትለው አጠፈው።

«ስፊኝና ልቀቂኝ ልጄ» ብሏት ነበር። «እጄ በደም አዳልጦት ከቢላዋው እጀታ ወደ ስለቱ ሸርተት አለ፣ ሌላ አይደለም። ቤቴ ከጀርባችሁ ነው፤ በጉ ግማሽ ቆዳውን እንደለበሰ ተሰቅሏል፣ የሴት ልጄ አማቶች ቆመው እያዩኝ!»

ቀጥሎ ተራው የደረሰ ባለታክሲ ገባ።

«እንዴት ቆረጠህ?»

«ቢላዋውን እንዲህ ጨብጬው ሳለሁ!» ብሎ በደህና እጁ ቡጢ ሠርቶ አሳያት።

ራውዳ ክው አለች። ላዝሀርም ሲቆረጥ ጨብጦ ነበር። እሷ ቁስሉን ያየችው መዳፉን ዘርግታ ነው። ጣት ሲዘረጋ ጅማት ይንሸራተታል፤ የተቆረጠው ቦታ ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በቁስሉ የሚታየው ደህናው ብቻ ይሆናል። ግማሽ የተቆረጠ ጅማት ጣት ያጥፋል፤ ቆዳ መግፈፍ ግን ይበጥሰዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ፈራች።

«ኧረ እኔስ?» አለ ባለታክሲው።

«ጫን አድርገህ ይዘህ ቆይ!» ብላ በጓሮ በር ወደ ላዝሀር ቤት ወጣች።

ግቢው በእንግዳ ሞልቷል። ላዝሀር ፋሻ በታሰረው እጁ የበጉን ቆዳ ጨብጧል።

«ጋሽ ላዝሀር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይጎትቱ! ጅማትዎ ተቆርጧል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት!»

«ላዝሀር፣ ለጭረት ሐኪም እቤትህ ድረስ ይመጣልሃል?» አለ የሴት ልጁ ባል አባት። ሰዉ ሳቀ።

የላዝሀር ፊት ቀላ። «ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም!» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ቆዳው ተገሽልጦ ወረደ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ላዝሀር እየሳቀ እጁን ወደ ራውዳ አንሥቶ ቡጢ ሠራ።

የቀለበት ጣቱ ቀጥ ብሎ ቀረ። አፈጠጠበት፤ ጥርሱን ነክሶ ደግሞ ሞከረ። አልታጠፈም።

ጭብጨባው ቆመ።

«ልጄ» አላት፣ አማቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «መዶሻ የምይዝበት እጄ ነው እኮ!»

ራውዳ ክንዱን ይዛ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ሮጠች፤ እሱም አብሯት ሮጠ።