ጉንጭ ማዋስ

ትንሿ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጎድጓዳው ሳህን ላይ ለጠፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ይቀዘቅዛል። ቀኝ ጉንጯ ያልነገራትን ግራው ይነግራት ይመስል ዞራ ሞከረችው። ያው ነው።

ሸክላ ውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ ገላው ይቀዘቅዛል። ከነውሃው እቶን ከገባ ደግሞ እሳቱ ሲበረታ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ዕቃው ይፈነዳል። ብቻውን ቢፈነዳ የአንድ ሰው ሐዘን ይሆን ነበር፤ ግን አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

"ትንሿ! ሳህንሽስ?" አሉ እቴቴ ከወዲያኛው ክፍል። "እቶኑን ልዘጋው ነው እኮ!"

"ደርሷል! መጣሁ!"

አፏ ቀደማት። ሳህኑን የሠራችው ባለፈው ዓርብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝናቡ አላባራም፤ የዎርክሾፑ ግድግዳ እንኳን አልቦታል። ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው፤ እቶኑ የሚሞቀው በሳምንት አንዴ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ እሳት የገባ ዕቃ ሐሙስ ጠዋት ቀዝቅዞ ይወጣል። ሐሙስ ደግሞ ናሙና የጠየቃት ሆቴል ይጠብቃታል።

ዎርክሾፑ ድሮ የመኪና ጋራዥ ነበር። እቴቴ የሥዕል አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው አንድ የኤሌክትሪክ እቶን ገዙ። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በጣም ውድ መሆኑ ሲገባቸው፣ በሸክላ ሥራ ራሳቸውን ሊያስተዳድሩ የሚፍጨረጨሩ ወጣቶችን ወጪውን እንዲጋሩ ሰበሰቡ። ጠዋት ክሊኒክ ውላ ከሰዓት ስኒ የምትሠራ ነርስ አለች። ረጃጅም የአበባ ማስቀመጫ የሚሠራ፣ እሱም እንደ ሥራው ረጅም የሆነ ልጅ አለ፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ ረጅሙ ነው። ትንሿን ትንሿ ያሏት በቁመቷ አይደለም፣ ከሁሉም ኋላ ስለመጣች ነው።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ማንም የራሱን ዕቃ መድረቅ አለመድረቁን ራሱ አይፈርድም። "የራስ ዕቃ ሁልጊዜ ደርቋል" ይላሉ እቴቴ፣ "ባለቤቱ ስለቸኮለ።" ስለዚህ ዕቃ እቶን ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ ሌላ ሰው ይጠራል። "እስኪ ጉንጭ አውሰኝ" ይባላል። የተጠራው ጉንጩን ዕቃው ላይ ያስጠጋል፤ "ደርቋል" ካለ ይገባል፣ "ገና ነው" ካለ ይቀራል፤ ክርክር የለም።

ትንሿ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ከቤት ይዛው የመጣችውን የፀጉር ማድረቂያ አወጣች። ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው "ለማንኛውም" ብላ ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ሰክታ ትኩሱን አየር ሳህኑ ላይ ለቀቀችበት፤ ሆዱን፣ ከንፈሩን፣ እግሩን እያዞረች አሞቀችው። ላዩ ነጣ። ውስጡን እሷና ሳህኑ ብቻ ያውቃሉ።

"ረጅሙ!" አለች ማድረቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ። "ጉንጭ አውሰኝ።"

ረጅሙ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። ሲጎነበስ እንደ ተጣጣፊ መሰላል በየተራ ነው የሚታጠፈው። ጉንጩን አስጠጋና ትንሽ ቆየ።

"ሞቅ ብሏል" አለ። "በዚህ ዝናብ? ደርቋል። ከሰው ተደብቀሽ ፀሐይ ታወጫለሽ እንዴ?"

ሳቀች። ሳቋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

"ሐሙስ ያንቺ ናት" አለና ሳህኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚወስድ ሰው ቀስ ብሎ ሄደ። እቶኑ ውስጥ የራሱን ማስቀመጫዎች ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርጎ መሃሉን ለቀቀላት። ከላይ የነርሷ ስኒዎች ተደርድረዋል። ከጎን የእቴቴ ትንንሽ የሸክላ ወፎች አሉ።

"ነይ በይ፣ አሁን ደግሞ የኔን" አለ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ቀርቷል። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ለሚከፈተው ዐውደ ርዕይ ያዘጋጀው ነው። "እቶን ሳይገባ የቀረው የኔ ብቻ ነው።"

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። እናቷ ናት። ትንሿ በሕይወቷ ለስልክ እንዲህ ቸኩላ አታውቅም።

"አንዴ፣ መጣሁ" ብላ ወደ ግቢው ወጣች።

"እማዬ።"

"ሐሙስ ምን ትለብሻለሽ?" አለች እናቷ፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም። "ያን በጭቃ ያበላሸሽውን ሱሪ እንዳትለብሺ። ሆቴል ነው።"

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አጎትሽ ደውሎ ነበር፤ በቢሮው የያዘልሽን የሥራ ቦታ ከዚህ በላይ ባዶ ማቆየት አልችልም አለ። ሐሙስ የልጄ ጉዳይ ይታወቃል፣ ካልሆነ ሰኞ ትመጣለች አልኩት። አጠፋሁ?"

"አላጠፋሽም።"

እናቷ ለዚህ ሥራ ጥሩ ቃል ኖሯት አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ጭቃ ልታቦኪ ነው ወይ ስትል ነው የከረመችው። ሆቴሉ ከመጣ ወዲህ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ትንሿ ቁጣውን ለምዳዋለች፤ ይህን ኩራት ግን የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም።

"እና ያንን ልጅ አመሰገንሽው?" አለች እናቷ።

"የቱን?"

"ያስተዋወቀሽን ነዋ! እሱ ባይጎትትሽ እኮ ምሰሶሽን አቅፈሽ ትመለሺ ነበር።"

እውነቷን ነው። ለወጣት የጥበብ ሥራ ፈጣሪዎች የተዘጋጀ ስብሰባ ነበር። አሠልጣኙ መድረክ ላይ እየተንጎራደደ ኔትወርክ፣ ትስስር፣ ድጋፍ ሲል ቆይቶ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አለና ሁሉም እንዲተዋወቅ ለቀቃቸው። አዳራሹ ገበያ ሆነ። ሰው ሁሉ ካርድ ይለዋወጣል፣ ይስቃል፣ ስልክ ይመዘግባል። ትንሿ ያሳተመቻቸውን ካርዶች ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ቆማ ጭማቂ በጭማቂ ላይ እየደረበች ጠጣች። መተዋወቁ ሰው መለመን መሰላት። ረጅሙ ነው ያገኛት።

"ብትለቂው ይወድቃል እንዴ ምሰሶው?" አላት።

ከዚያ እጅጌዋን ይዞ አንዲት ጉርድ ሸሚዝ የለበሱ ሴት ፊት ወስዶ አቆማት። የአዲስ ሆቴል ዕቃ መራጭ ናቸው። "ይቺ ናት" አላቸው፣ "ትልቅ ሳህን ከሆነ የፈለጉት ከሷ አይለፉ።" የራሱን ማስቀመጫዎች አላነሳም። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አዩና፣ ለመግቢያ አዳራሹ የሚሆን አንድ ናሙና ሐሙስ ለኮሚቴው አምጪ አሏት። ከወደዱት ለየክፍሉ ያዝዛሉ።

"አመሰገንሽው ወይ ነው የምልሽ" አለች እናቷ።

"ገና ነው" አለች ትንሿ።

ስልኩን ዘግታ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። ረጅሙ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ማስቀመጫውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል፤ ልጁን ይዞ ክሊኒክ እንደመጣ ሰው። እቴቴ እቶኑን ከፍተው ወፎቻቸውን በጣታቸው እያስተካከሉ ነው።

ላይፈነዳ ይችላል፣ አለች ለራሷ። ስንት እርጥብ ዕቃ ተርፏል። እቴቴ ራሳቸው፣ እሳቱን ቀስ አድርጎ ለጀመረ ጭቃ ይታዘዛል ይሉ የለም? ደግሞም ይሄኔ ሁሉም ... እዚህ ላይ ሐሳቧ ቆመ፤ ሁሉም ምን እንደሚያደርግ ማግኘት አቃታት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሳህኗ እግር ወፍራም ነው፤ ውሃ ይይዛል። ራሷ ነች ያወፈረችው፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዲከብድ ብላ።

ፈራች። ሳህኑን ማጣት ብቻ አይደለም ያስፈራት፤ የሰኞው ቢሮ፣ የእናቷ ጎረቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያ ክፍል ገብታ የምትናገረው የመጀመሪያው ቃል።

ገባች።

"ነይ፣ እየጠበቅኩሽ ነው" አለ ረጅሙ ከባልዲው እየተነሳ።

"አውጣው" አለች።

"ምኑን?"

"ሳህኔን። አልደረቀም። ከመጥራቴ በፊት በፀጉር ማድረቂያ አሙቄው ነው። ጉንጭህን አታለልኩት።"

ጥግ ላይ ስኒ ስትቀባ የነበረችው ነርስ ብሩሿን አስቀመጠች። "ወይ ጉድ!" አለች ቀስ ብላ።

ረጅሙ ማስቀመጫውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ እቶኑን አየ፣ ከዚያ እሷን።

"ሥራዬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"የሷም ስኒዎች፣ የእቴቴም።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም!" ጮኸ። ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም። "ቢፈነዳ ኖሮ፣ ደርቋል ያለው ማነው ይባል ነበር? እኔ! ዕድሜ ልኬን እኔ ነኝ ያስፈጀኋችሁ እያልኩ እኖር ነበር። አንቺስ? ትነግሪኝ ነበር?"

ይህን አላሰበችውም። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ስብርባሪው ሁሉ አስባለች፤ ስለ ጉንጩ ባለቤት አላሰበችም። ዓይኗ ሞላ። እንደማትነግረው ገብቷታል።

እቴቴ እግራቸው ስለሚያማቸው ባልዲው ላይ ቁጭ አሉ።

"እስኪደርቅ ጠብቁኝ ማለት አቃተሽ?" አሏት።

"ሁላችሁም የቆረጣችሁት ቀን አለ እቴቴ። እንዴት ብዬ ነው እናንተን የምጠይቀው?"

"በአፍሽ ነዋ!"

ነርሷ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

"ምናልባት እንቢ እንልሽ ነበር" አሉ እቴቴ። "እኔን ከጠየቅሽኝ እንቢ ነበር የምልሽ። እንቢታ ግን አይፈነዳም ልጄ። ቅር ትሰኛለሽ፣ ታኮርፊያለሽ፣ ያልፋል።"

"አሁንስ ብጠይቅ?"

እቴቴ ወደ ነርሷ አዩ። ነርሷ ጫማዋን አየች። "ስኒዎቹ ለዓርብ ናቸው" አለች። "ደንበኛዬ እንደ ምንም ነው የታገሠኝ።"

"እንግዲህ ሰማሽ" አሉ እቴቴ። "ሳህንሽ በሚቀጥለው ማክሰኞ ይገባል።"

ረጅሙ ሳህኑን ከእቶኑ አወጣ። የተናደደ ሰው ቢሆንም እጁ አልተናደደም፤ እንደወሰደው ቀስ ብሎ መለሰውና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

ትንሿ ስልኳን አወጣች። እንደገና ግቢ ልትወጣ ነበር፤ ተወችውና እዚያው ሰው ፊት ለሆቴሏ ሴትዮ ደወለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ናሙናው ለሐሙስ አይደርስም" አለች። "አልደረቀልኝም። በችኮላ ያመጣሁልዎት እንደሆነ ይሰበራል። አንድ ሳምንት ብትጠብቁኝ ብዬ ልጠይቅዎት ነው።"

ከበስተጀርባቸው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

"ለኮሚቴው እነግራለሁ" አሉ ሴትዮዋ። "ቃል ግን አልገባልሽም። የሌሎችንም ሥራ ያያሉ።"

"እሺ። አመሰግናለሁ።"

ምን አሉሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ከፊቷ አንብበውታል።

እቴቴ ተነስተው እቶኑ በር ጋ ቆሙ። "በል እንግዲህ" አሉት ረጅሙን፣ "የቀረው ያንተ ነው። ልዝጋ?"

"ና፣ እኔ ላውስህ" አለች ነርሷ ጉንጯን እየጠረገች።

ረጅሙ ማስቀመጫውን አነሳ። ነርሷን አልፎ ሄዶ ትንሿ ፊት ቆመና እጇ ላይ አስቀመጠው።

"ተራው የሷ ነበር" አለ። ፊቱ ግን አልፈታም።

ትንሿ ዕቃውን አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች። አንገቱ ደርቋል። ሆዱም ደርቋል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ቆንጆ ሠርቶ አያውቅም። ወደ እግሩ ስትወርድ አንድ ስስ ቅዝቃዜ ጉንጯን ነካት። ምናልባት የሚያቃጥለው የራሷ ፊት ይሆናል። በሌላኛው ጉንጯ ሞከረች። አለ፤ ከታች፣ ክር የምታህል።

ዐውደ ርዕዩ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዛሬ ካልገባ አይደርስለትም። ደርቋል ብላ ብታስደስተው፣ የዛሬው ሁሉ ትንሽ የሚቀልል መሰላት።

"ገና ነው" አለች።

"የቱ ጋ?"

"እግሩ ላይ።"

ረጅሙ እጁን ወደ ዕቃው ሰደደ፤ ሊነካው ሲል ሕጉ ትዝ አለውና መለሰው። ትንሽ አያት።

"ይዝጉት እቴቴ" አለ።

ማስቀመጫውን ተቀብሏት ወደ መደርደሪያው ወሰደውና ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠው። ትንሿ ተከትላ ሄዳ፣ በመሃላቸው አየር እንዲያልፍ ሳህኗን ትንሽ ገፋ አደረገችለት።