የስፌት መኪናው ሲቆም

ጋዜጣው ቤት «ምላጭ» ይሏታል፤ ስለ መጻሕፍት ስትጽፍ ብዕሯ የነካው ደራሲ ሳይደማ አይወጣም። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

ጽሑፏ ለአዘጋጁ ከመላኩ በፊት ግን አንድ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ አክስቷ ፊት። አክስቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ምላጭ ጮክ ብላ ታነብላታለች። የስፌት መኪናው መንኳኳቱን ከቀጠለ ጽሑፉ ውኃ አያነሳም፤ ከቆመ ሠምሯል።

የዛሬው መጽሐፍ ስለ እገታና ስለ ሰው ንግድ የሚተርክ የወንጀል ልብ ወለድ ነው።

«ታሪኩ ቁልቁል እንደተለቀቀ ጎማ ይበራል፤ ትንፋሽ አይሰጥም» ብላ ጀመረች። መኪናው ይንኳኳል። «ደራሲው የወደቀው በአንዲት ገጸ ባሕርይ ነው። የደላላውን ስልክ ቁጥር ለልጅቷ የሰጠቻት የገዛ ጓደኛዋ ናት። እንዲህ ያለች ጓደኛ በወረቀት ላይ እንጂ በምድር ላይ የለችም።»

መኪናው ቀጥ አለ።

«ኧረ አለች!» አለች አክስቷ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

«አክስቴ ደግሞ! ለደራሲው ጠበቃ ቆምሽለት?»

«አንቺ ምላሳም! እኔ የማወራው ስለ ልጄ ነው። ‹ሥራ አገኘሁ› ብላኝ ወጥታ ከጠፋች ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ። የወሰዳት ሰውዬ ከሰማይ አልወረደላትም፤ ቁጥሩን የሰጣት ሰው አለ።»

ምላጭና የአክስቷ ልጅ ባንድ ፍራሽ ነው ያደጉት። ከመጥፋቷ በፊት አንድ ቀን ልጅቷ ሥራ አጣሁ እያለች ስትነዘንዛት፣ ምላጭ ፌርማታ ላይ ከተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ደብተሯ ላይ የገለበጠችውን ቁጥር አሳየቻት፤ «እንቺ፣ ለዚህ ሰውዬ ደውዪና እኔን አስነብቢኝ!» አለቻት። እሷን ዝም ለማሰኘት ነበር። ልጅቷ ጠፍታ ፖሊስ ምላጭን ሲጠይቃት ደግሞ «እኔ ምን አውቄ!» ብላ ማለች።

«ያቺን ቁጥር ሰጪ ብታገኚያት፣ አክስቴ… ምን ታደርጊያታለሽ?»

«ድሮ ቢሆን አንቃት ነበር። አሁን ‹ቁጥሩን ስጪኝ› ነው የምላት። ፖሊሱ ‹እናቴ፣ አንድ ጫፍ ብቻ ያምጡልኝ› ብሎኛል። ጫፉን ካገኘሁማ እተረትረዋለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጫፉ እዚሁ ቤት፣ በምላጭ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ነበር።

ስልኳ ጮኸ፤ አዘጋጁ ነው። «ምላጭ፣ ገጹ አንቺን ብቻ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ» ብላ ዘጋችበት። ከመጻሕፍቷ ክምር ሥር አሮጌውን ደብተር መዘዘች። ከመኪናው ፊት ቆመች።

«አክስቴ… ሰጪዋ እኔ ነኝ። ቁጥሩ ይኸው።»

አክስቷ መርፌውን ለቀቀች። ስድብም፣ ጥፊም አልመጣም፤ ምላጭ ጥፊውን በወደደችው ነበር። አክስቷ ጠመኔዋን አነሳች። ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች፤ ልብስ የምትለካ ሴት ናት። ያልተሰፋውን ሰማያዊ ጨርቅ ዘረጋች።

«አንብቢ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት። «ቀስ ብለሽ።»